ጡሩምባና የካርድ መስኮቱ

የዚያን ቀን ጠዋት ጡሩምባ አረንጓዴውን ሰደርያ ለብሶ መስተዋት ፊት ስንት ጊዜ እንደተገላበጠ ሚስቱ ትመስክር። ከፊት ያየዋል፣ ይዞራል፣ አንገቱን አጣሞ ከጀርባው የተጻፈውን ለማንበብ ይታገላል። አልሆንለት ሲል እሷኑ ይጠይቃል።

«አንቺ፣ ከኋላዬ ምን ይላል?»

«‹በጎ ፈቃደኛ ጎብኚ› ይላል። ትናንትም ይኸንኑ ነበር የሚለው።»

«ከሩቅ ይነበባል?»

«አንተ አፍህን ከከፈትክ ማን ጀርባህን ያነባል!»

እውነቷን ነው። ጡሩምባ ቅጽል ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ በከተማ አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ ፌርማታ ሲጠራ የኖረ ሰው ነው። ሞተር እያጓራ፣ ገበያ እየተንጫጫ፣ ዝናብ ጣሪያውን እየደበደበ የሱ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። ጡረታ ሲወጣ የደንብ ልብሱን መለሰ፤ ድምፁን ግን የሚረከበው ሰው አልተገኘም። ቤቱ ውስጥ «ጨው አቀብይኝ» ሲል ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልድ ይበሉት እንጂ አንድ ቀን በእርግጥ መጥቷል።

የጤና ቢሮው በቅርቡ አዲስ ነገር ጀምሮ ነበር። ከነዋሪው መካከል ፈቃደኞች ይመረጡና ጥቂት ሠልጥነው፣ ቀኑን ለማንም ሳይናገሩ፣ ድንገት ወደ ጤና ጣቢያ ይገባሉ። ሐኪም ስላልሆኑ መድኃኒትና መርፌ ውስጥ እጃቸውን አያስገቡም። ሥራቸው ታካሚው የሚያየውን ማየት ነው። ወንበሩ ያስቀምጣል ወይ፣ ሽንት ቤቱ ይገባበታል ወይ፣ ሰው በክብር ይስተናገዳል ወይ? ከዚያ ያዩትን ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ፊት ለፊት ይነግራሉ። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ግማሹ ሳቀ። ጡሩምባ ግን ለመመዝገብ ከሁሉም ቀደመ። ወሬ ፍለጋ ነው ብለው አሙት። ወሬ አይጠላም፤ እሱን መካድ አይቻልም። ዋናው ምክንያት ግን ቤቱ ውስጥ፣ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር።

ሚስቱ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ክትትሏን በወጉ ስታደርግ ቆይታ፣ ድንገት «ከእንግዲህ እዚያ ግቢ እግሬ አይረግጥም» አለች፤ አለቀ። ቢለምናት፣ ቢቆጣት፣ ልጃቸውን ልኮ ቢያስመክራት፣ ወይ ፍንክች! ለምን ሲላት መልሷ «በቃኝ» ብቻ ነው። ሌላው ጤና ጣቢያ ደግሞ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። እንዲህ እንዳሉ በግራ እግሯ አውራ ጣት ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች፤ አልድንም አለች። የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ የወጣች ቁስል የት እንደምታደርስ ጡሩምባ ያውቃል። የታላቅ ወንድሙን እግር ያስቆረጠችው እንደሷው ያለች ነበረች። ስለዚህ ያቺን ጨርቅ የተጠመጠመባትን ጣት ባየ ቁጥር ወንድሙ ትዝ ይለው ነበር።

«ያስቀየመሽን ሰው ዛሬ አገኘዋለሁ» አላት ሰደርያውን እየቆለፈ። «አገኘዋለሁ፣ ልክ አስገባዋለሁ፣ አንቺም ትመለሻለሽ።»

ሚስቱ ለአፍታ አየችው። «ይቅናህ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ጤና ጣቢያው በር ላይ የጉብኝት ጓደኛው ቀድመውት ደርሰዋል። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ቀጭን፣ ዝግ ያሉ፣ ሲናገሩ ሰው ጆሮውን አቅርቦ የሚሰማቸው። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በዓይናቸው ብቻ ጸጥ ሲያሰኙ ስለኖሩ ድምፅ የሚባል ነገር አስፈልጓቸው አያውቅም። ከጡሩምባ ጋር አንድ ላይ የመደባቸው ሰው ተንኮል ቢኖረው ነው።

«ተረጋጋ ወንድሜ» አሉት። «ፈተና የምንፈተነው እኛ አይደለንም።»

«ኧረ እኔ ተረጋግቻለሁ!» አለ ጡሩምባ፤ ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ አለ።

ሥራ ተከፋፈሉ። እሳቸው ወደ ምርመራ ክፍሎቹና ወደ መድኃኒት ቤቱ፣ እሱ ወደ አዳራሹ። አዳራሹ ግድግዳው እስከ ወገብ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ወለሉ በረኪና በረኪና የሚሸት፣ የብረት አግዳሚዎቹ ታካሚ የሞላባቸው ነው። ከክትባት ክፍል የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፤ ከላይ አንድ አሮጌ ማራገቢያ እየተንቋቋ ይዞራል። ከፊት ለፊት የካርድ ክፍሉ መስኮት አለ። ወፍራም መስታወት ነው፤ መሃሉ ላይ የቡና ሲኒ አፍ የምታክል ቀዳዳ አለችው። ማንኛውም ታካሚ መጀመሪያ እዚያ ቀርቦ ምን እንዳመመው ይናገራል፤ ካርድ የምታወጣው ልጅ ደግሞ ሰምታ ወደሚመለከተው ክፍል ትልከዋለች።

ጡሩምባን ደስታው እግሩን መሬት አላስነካው አለ። እንደ ድሮው በር ላይ የቆመ ያህል ተሰማው፤ ልዩነቱ አሁን ተሳፋሪው ተቀምጦ እሱ መሄዱ ብቻ ነው። ከአንዲት እናት ጀመረ።

«እናቴ! ሽንት ቤቱን እንዴት አገኙት?»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እናትየው ዞረ። ሴትየዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ኧረ ደህና ነው። ይመስገን።»

«አባቴ! ሐኪሙ ሕመምዎን በደንብ አስረድቶዎታል?»

«ደህና ነው፣ ደህና ነው» አሉ ሽማግሌው ጫማቸውን እያዩ።

ሁሉም ደህና ነው። ወንበሩ ደህና፣ ሐኪሙ ደህና፣ ተራው ደህና። ጡሩምባ ይህን ያህል ደህንነት በአንድ ጣሪያ ሥር ተከማችቶ አይቶ አያውቅም። ካርድ የምታወጣዋን ልጅ በዓይኑ መረመራት፤ ሚስቴን ያስቀየመቻት ይህች ትሆን እንዴ ብሎ። ተጠጋና ራሱ ሞከራት።

«ልጄ! ካርድ ለማውጣት ምን ያስፈልጋል?»

ልጅቷ ደንግጣ እስክሪብቶዋን ጣለች፤ ወዲያው ግን ፈገግ ብላ ሁሉንም አስረዳችው። ምን የመሰለች ልጅ! «የካርድ መስኮት፦ በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈ። መጻፉን ጻፈ እንጂ ውስጡ ቅር አለው። ጥፋተኛ ፍለጋ መጥቶ የሚያገኘው ሰው ሁሉ ምስጉን ሆነበት።

ደግነቱ የሴቶቹ ሽንት ቤት በር መቀርቀሪያ የለውም። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ውጭ ቆማ በሩን ትይዛለች። ጡሩምባ ይህን ሲያገኝ ወርቅ የቆፈረ ያህል ጮቤ ረገጠ። በመቀርቀሪያ መጥፋት እንዲህ የተደሰተ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም ያለ አይመስለኝም። ለመምህርቷ ሊነግር እየከነፈ ሲመለስ ነው ዓይኑ አንዲት ወጣት ሴት ላይ ያረፈው።

ሻርፕ የተከናነበች ልጅ ናት። ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አይሰማም! ጮክ በይ!» አለች ካርድ የምታወጣዋ ከመስታወቱ ጀርባ።

ልጅቷ ዞር ብላ ከኋላዋ የተሰለፈውን ሰው አየች። ደግማ ሞከረች።

«አልተሰማኝም እኮ! ምንሽን ነው ያመመሽ?»

ልጅቷ ሰልፉን ትታ ወጣች። ወደ ቤቷ የሄደች መስሎት ነበር፤ እሷ ግን ከሰልፉ ጭራ ሄዳ እንደገና ቆመች። ሲያያት ተራዋ ሊደርስ ሲል ደግማ ወደ ኋላ ተመለሰች። ጡሩምባ ዝም ብሎ ማየት አቃተው።

«ልጄ! ምን ሆነሽ ነው የምትመላለሺው? ምንሽን አሞሽ ነው?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ልጅቷ ፊቷ ደም መሰለ፤ እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ ግቢው በረረች። ሊከተላት ሲል ቀጭን እጅ ክንዱን ያዘው። መምህርቷ ናቸው።

«ሂድ፤ ግን እንደ ሰው ተናገር» አሉት።

ግቢው ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያው ጥላ ሥር ተቀምጣ አገኛት። ጡሩምባ እራቅ ብሎ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ሰደርያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው። ከዚያ በዕድሜው ሠርቶት የማያውቀውን ነገር ሠራ፤ ተንሾካሸከ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«ያስደነገጥኩሽ እኔ ነኝ። ምን እንዳመመሽ አልጠይቅሽም። ምን እንዳስቸገረሽ ብቻ ንገሪኝ።»

ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ተናገረች። «ያቺ ቀዳዳ ድምፅ አታሳልፍም። ቀስ ብለው ሲናገሩ ካርድ የምታወጣዋ አትሰማም፤ ጮክ ካሉ ደግሞ አዳራሹ ሁሉ ይሰማል። እኔ ያለብኝን ነገር ለእናቴም አልነገርኳት። እንዴት ብዬ ለዚያ ሁሉ ሰው ልንገር?»

«እኔ እኮ ሞክሬው ነበር። ወዲያው ነው የሰማችኝ።»

ልጅቷ በእንባዋ መሃል ልትስቅ ዳዳት። «አባባ፣ እርስዎን እኮ መንገድ ላይ ያሉትም ሰምተዋል።»

ጡሩምባም ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ወዲያው ግን ዘጋው። አንድ ቀን ትዝ አለው። ያው መስኮት፣ ያው ሰልፍ። ሚስቱ ጎንበስ ብላ ትንሾካሾካለች፤ ከውስጥ «አይሰማም» ይባላል። እሱ ከኋላዋ ቆሟል፤ ቸኩሏል፤ ደግሞም ሊረዳት ፈልጓል። በትከሻዋ ላይ አልፎ፣ ፌርማታ ሲጠራበት በኖረው ድምፅ፣ አዳራሹን አናወጠው። «ስኳር ናት! ሽንቷንም መቆጣጠር አቅቷታል!» ካርዱ በቅጽበት ተገኘ። ጡሩምባ በራሱ ኮርቶ ነበር። ሚስቱ ወደ ቤት ሲመለሱ በመንገድ ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ እሱ ደክሟት መስሎት ነበር።

ለካ ሲፈልገው የኖረው ሰው ይኸው ሰደርያውን አጣጥፎ እዚህ ተቀምጧል። ላብ አጠመቀው። ቅስሙም ተሰበረ። ይሁን እንጂ፣ ይህ ሰው ጉድ ነው፣ ከሐፍረቱ ሥር ደስታ ብቅ ሲል ተሰማው። ምክንያቱ ታወቀ! የታወቀ ነገር ደግሞ ይስተካከላል። ተስፈንጥሮ ተነሳ።

መጀመሪያ መምህርቷን ጠራቸው፤ በእጁ ምልክት፣ በዝምታ። እሳቸው ከልጅቷ ጋር ጆሮ ለጆሮ ተነጋግረው፣ ትከሻዋን አቅፈው በቀጥታ ወደ ሴቶች ክፍል ወሰዷት። ሲመለሱ መስኮቱ ላይ በራሳቸው ድምፅ «ራሴን ያመኛል» አሉ። «አይሰማም!» ተባሉ። ደገሙ። «ጮክ ይበሉ እማማ!» ተባሉ። መምህርቷ ወደ ጡሩምባ ዞረው ያን ተማሪ የሚያስደነግጠውን ዓይናቸውን አፈጠጡበት። እሱም «በጣም ጥሩ» ያለውን ሰረዘው።

ኃላፊዋ ወጣት ሐኪም ነበሩ። ቢሯቸው ውስጥ ካርድ የምታወጣዋ ልጅም ተጠርታ ተቀመጠች። ጡሩምባ ስለ መቀርቀሪያው ተናገረ፤ ያ ቀላል ነበር። ከዚያ ስለ መስታወቱ።

«ያ ወረርሽኝ የገባ ጊዜ የተገጠመ ነው» አሉ ኃላፊዋ። «እስካሁን ማንም ቅሬታ አላቀረበም።»

«ዶክተር፣ ቅሬታውንስ የሚያቀርቡት በዚያችው ቀዳዳ አይደል? ማን ይሰማቸዋል?»

ኃላፊዋ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና አሰቡ። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ግን እንባ እንባ አላት። «እኔም ጉሮሮዬ አልቋል» አለች። «ማታ ማታ ልጄን ተረት ልነግረው ድምፅ የለኝም። ሰው ሁሉ የተቆጣሁት ይመስለዋል።»

ጡሩምባ ተነስቶ ቆመ። «ሰው የሚያስጮኸው መስታወቱ ነው» አለ፤ ድምፁም ተሰበረበት። «ባለፈው ግን እዚያ ላይ የጮኸው እኔ ነኝ። የጮኽኩት በሚስቴ ላይ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰችም፤ እግሯ ቆስሏል።»

ኃላፊዋ ስልካቸውን አንስተው የጥገና ሠራተኛውን ጠሩት። «ለሙከራ ነው» አሉ፤ «ግን ዛሬውኑ እንሞክረው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ነበር! ሠራተኛው ብሎኖቹን እየፈታ፣ ጡሩምባ መስታወቱን ከታች ደግፎ፣ ታካሚው ሁሉ ከተቀመጠበት ተነስቶ «ቀስ! ቀስ! ወደ ግራ!» እያለ ሲያዝ፣ አዳራሹ ሠርግ ቤት መሰለ። «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ሲሉ የነበሩት ሽማግሌ እንኳ ምርኩዛቸውን አንስተው አመራር ሰጡ። መስታወቱ ሲነሳ ጭብጨባ ሆነ። ከመስኮቱ ራቅ አድርገው ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ለጠፉ፤ ተራው ያልደረሰ ሰው ከዚያ እንዳያልፍ። ማራገቢያውንም ኃላፊዋ ራሳቸው አጠፉት። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ስበው የነበሩት እናት የመጀመሪያዋ ሆነው ቀረቡ፤ ካርድ ከምታወጣዋ ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ሊነካኩ ደርሰው ተነጋገሩ። ምን እንዳሉ አንድም ሰው አልሰማም። ጡሩምባ በደስታ እየፈነጠዘ ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ በሩን ቀስ ብሎ ከፈተ።

«ዋልሽ?» አለ በሹክሹክታ።

ሚስቱ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ምን ሆነሃል? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ተቀመጪ።» በርጩማው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ያስቀየመሽን ሰው አገኘሁት።»

«አገኘኸው?»

«አዎ። አረንጓዴ ሰደርያ ለብሷል።»

የሚስቱ የከረመ ዝምታ ፈነዳ። «ዕድሜህን ሙሉ ፌርማታ ስትጠራ ኖርክ፤ አንድ ቀን ተናግሬህ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን የኔን ገመና እንደ ፌርማታ ጠራኸው! ከኋላዬ ልብስ ሰፊያችን ቆማለች፣ የልጃችን አማት ተቀምጣለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ነበር እኮ!»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልንገርህና ‹ምን አልኩሽ!› ብለህ ስትጮህ ደግሞ ጎረቤቱ ይስማ?»

ጡሩምባ አንገቱን ደፋ። «ይቅር በይኝ» አላት።

«ጮክ በል። አይሰማም።»

ቀና ብሎ ሲያያት ከንፈሯ ጥግ ላይ ያቺ የድሮ ተንኮሏ ነበረች። እሱም በዚያው በሹክሹክታው ደገመላት፣ ሠለሰላት።

«መስታወቱ እውነት ተነስቷል?» አለች በመጨረሻ።

«በእጄ ተሸክሜዋለሁ።»

«ነገ አየዋለሁ። አንተ ግን ከበር አታልፍም።»

በማግስቱ ጡሩምባ ያለ ሰደርያ፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ የአዳራሹ በር ላይ ቆመ። ሚስቱ እያነከሰች ሄደች። ቢጫው መስመር ላይ ቆማ ተራዋን ጠበቀች፤ ደረሳትና መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። ጆሮውን ቢያቆም ምንም አይሰማም። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ራሷን ነቀነቀች፣ የሆነ ነገር አለች፣ ሁለቱም ሳቁ። በዚህ ምድር ላይ የሰው ንግግር አለመስማት እንዲህ ያስደሰተው ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እልል ሊል ቃጣው፤ በእጁ አፉን ያዘ።

ከቁስል ማጠቢያው ክፍል ስትወጣ ጣቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል።

«መስኮቱ ላይ ምን አልሻት?»

«አንተን አይመለከትህም» አለችው። ከዚያ ክንዱን ያዘች። «ይድናል አሉኝ። ትንሽ ብዘገይ ግን አጥንቴ ጋ ይደርስ ነበር አሉ። ለቀጣዩም ቀጥረውኛል።»

«ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ እንጂ! ምን ያስቀረኛል?»

ጡሩምባ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ወደ ቤት በአውቶቡስ ተመለሱ። ጎን ለጎን ተቀምጠው እሷ ስለ ነርሷ ስታወራ፣ እሱ ከንፈሩን ገጥሞ ይሰማል። ሰፈራቸው ደረሰ። ሾፌሩ ማቆሙን ረስቶ ሊያልፍ ነው፤ ጡሩምባ ግን ጉልበቱን ይዞ ዝም አለ።

«አንተ! ልናልፍ ነው እኮ! ወራጅ በል እንጂ!»

«ልጩህ?»

«ታዲያ ድምፅህን ለመቼ ልታስቀምጠው ነው?»

ጡሩምባ ቀጥ ብሎ ተነሳ፤ ደረቱን በአየር ሞላ።

«ወራጅ አለ!»

ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ፤ የተኙት ባነኑ፤ ከኋላ ያለ ሕፃን በሳቅ ፈነዳ። ሚስቱ እየሳቀች ክንዱን ደገፍ አለችና፣ የታመመውን እግሯን ቀስ ብላ እያሳረፈች ወረደች።